ሰኞ ሰኞ የምትደውለው ሶሬላ

ዛሬ ስለ አንዲት የአጎቴ ልጅ ላወጋችሁ ነው። ስሟን አልነግራችሁም። እሷ ፈቅዳለች፤ እኔ ግን ከዚህ በፊት የሠራሁባት ጥፋት ስላለ መጠንቀቅ መርጫለሁ። ጥፋቱን ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

እሷና እኔ ያደግነው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ በአያታችን ቤት፣ አንድ አልጋ ላይ ነው። እሷ በግድግዳው በኩል፣ እኔ በጫፉ በኩል። ሌሊት የምትራገጠው እሷ፣ የምወድቀው እኔ። አባቷ፣ ማለትም አጎቴ፣ ዲቪ ደርሶት ሶልት ሌክ ሲቲ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ገብቶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ወሰዳት። እማማ (አያታችንን እንዲያ ነው የምንጠራት) ቦሌ ድረስ ሸኝታ፣ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ በጣቷ ነካ አደረገችና ‹‹ይቺን እንዳትበጥሺ›› አለቻት። ሌላ አደራ አልሰጠቻትም።

ሶልት ሌክ ሲቲ የማን ከተማ እንደሆነች እማማ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር። ከተማዋን የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1847 ብሪገም ያንግ የሚባል ሰው እየመራቸው፣ ከምሥራቅ ተሰደው የመጡ ሞርሞኖች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ያቋቋመው ጆሴፍ ስሚዝ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1830፣ ቦታውም ኒውዮርክ ግዛት ነው። መጽሐፈ ሞርሞን የታተመውም በዚያው ዓመት ነው። ሙሉ ስማቸው ‹‹የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን›› ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሬዚዳንታቸው ‹ሞርሞን› የሚለው ቅጽል ስም ይቅርና በሙሉ ስማችን ጥሩን ብለው ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ለአጭርነቱ ስል ‹ሞርሞን› እያልኩ እቀጥላለሁ።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደወለችና ‹‹ተጠመቅሁ›› አለችኝ። ጊዜው የኮሮና ነበርና ‹ተመረመርኩ› ያለች መስሎኝ ‹‹እና ውጤቱ ምን አለ?›› አልኳት። እስከ ዛሬ እንስቅበታለን።

እማማ ግን አልሳቀችም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ እኔን እንደ ጥፋተኛ እያየች፣ ‹‹በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚጠመቀው?›› አለች። መልስ አልነበረኝም። ቀጠለችና ‹‹ማተቧስ?›› አለች። ለእሱም መልስ አልነበረኝም። እንዳትረሱት፣ ይህ የቄስ ቤት ነው። አያታችን ነፍሳቸውን ይማርና ዕድሜ ልካቸውን ቀድሰው ያረፉ ቄስ ነበሩ።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው ዜና መጣ። ለአሥራ ስምንት ወር ወንጌል ልትሰብክ ወደ ሌላ አገር ልትሄድ ነው። ወዴት? እሱን እሷ አትመርጥም። ማመልከቻ ታስገባለች፣ ከመሪዎቹ ደብዳቤ ይመጣል፤ ደብዳቤው ጃፓን ካለ ጃፓን፣ ጋና ካለ ጋና ነው። የእሷ ደብዳቤ ጣሊያን፣ ሚላኖ አለ።

ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ አንድ ዓመት ተኩል ያገለግላሉ። ድሮ ሴቶቹ ሃያ አንድ ዓመት ካልሞላቸው አይሄዱም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዕድሜው ወደ አሥራ ዘጠኝ ሲወርድ ነው ቁጥራቸው የጨመረው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ጭራሽ ከፋዮቹ እነሱው ናቸው። እሷ ስትሄድ ከአሜሪካ የሚላክ አንድ ሰው መዋጮው በወር 500 ዶላር ነበር። አሥራ ስምንት ወር ሲባዛ 9,000 ዶላር! ይህን ገንዘብ ያጠራቀመችው መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ካርቶን እያሸገች ነው። አጎቴ ‹‹በዚህ ብር እኮ መኪና ይገዛል›› ብሎ ሳምንት ሙሉ አኩርፏታል። እኔም በልቤ ከአጎቴ ጋር ነበርኩ።

ከመሄዷ በፊት ዩታ ውስጥ ፕሮቮ በምትባል ከተማ የሚገኘው ማሠልጠኛቸው ጣሊያንኛ አስተማራት። ለስንት ጊዜ? ለስድስት ሳምንት። እኔ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬ፣ በእንግሊዝኛ ጋዜጠኝነት ተመርቄ፣ ዛሬም ፈረንጅ ሲያናግረኝ ላብ ያጠምቀኛል። እሷ በስድስት ሳምንት ጸሎት ማድረስና መንገድ መጠየቅ ችላ ሄደች። ‹‹የቀረውን ሚላኖ ያስተምረኛል›› አለች። አስተማራትም።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮዋ እንግባ። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ልንገራችሁ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል መነሳት። ግማሽ ሰዓት ስፖርት። ቁርስ፣ ልብስ፣ ከዚያ ጥናት፤ ብቻ ለብቻ አንድ ጊዜ፣ ከጓደኛ ጋር ሌላ ጊዜ፣ ከዚያ ቋንቋ። አራት ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ መመለስ። የነገውን ማቀድ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ማጥፋት። ነገም እንዲሁ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ፊልም የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ የፍቅር ጓደኛ የለም። ‹ጓደኛ› ስል ደግሞ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከመታጠቢያ ቤት በስተቀር የትም ለብቻ አይኬድም። ቤተ ክርስቲያኑ የመደበላት አንዲት ልጅ ሃያ አራት ሰዓት አጠገቧ ናት። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ደግሞ ዝውውር አለ፤ ወይ እሷ ትነሳለች ወይ ጓደኛዋ። የመጀመሪያዋ ጓደኛዋ አይዳሆ ከሚባል ግዛት የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች። የምታንኮራፋ። ‹‹ካንቺ ርግጫ የሚብስ አላጋጠማትም እኮ›› አልኳት።

ከሳምንቱ አንዷ ቀን፣ ሰኞ፣ የእነሱ ናት። ልብስ ያጥባሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ቤተሰብ ያናግራሉ። ድሮ ቢሆን በስልክ መደወል የሚፈቀደው በዓመት ሁለት ጊዜ ለገናና ለእናቶች ቀን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 ጀምሮ ግን በየሳምንቱ ሆነ። ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የእኔ ሥራ ስልኬን ይዤ እማማ ፊት መቀመጥ ነበር። በቪዲዮ ነው። ልጅቷ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ያረፈችበትን ክፍል ታሳያለች። እማማ ግን ፊቷን አታይም፤ አንገቷን ነው የምታየው። ልጅቷ ገብቷታል። ገብቷት ነው ሁልጊዜ ሰኞ አንገተ ረጅም ሹራብ የምትለብሰው።

ደረቷ ላይ ደግሞ ሁላቸውም የሚያደርጓት ጥቁር የስም ታርጋ አለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ‹ሲስተር› የሚሉትን ጣሊያኖቹ ‹ሶሬላ› ይሉታል። ከ‹ሶሬላ› ቀጥሎ የቤተሰብ ስም ይጻፋል። አሜሪካ ደግሞ እንደምታውቁት የቤተሰብ ስም የሚሆነው የአባት አባት ስም ነው። ገባችሁ? በሞርሞን ታርጋ ላይ፣ በጣሊያን ከተማ፣ የአያታችን የቄሱ ስም በነጭ ፊደል ተጽፎ ይዞር ነበር። ይህን ለእማማ አልነገርኳትም። የላቲን ፊደል አለማንበቧን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብያለሁ።

ሥራው ምን ይመስላል? አብዛኛው እምቢታ ነው። ሚላኖ ውስጥ በር አይንኳኳም፤ የሕንጻው መግቢያ ላይ የስም ዝርዝርና ደወል አለ፤ ትጫናለሽ፣ ከላይ በድምፅ ማጉያ ‹‹ማን ነው?›› ይላል፣ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ትናገሪያለሽ፣ ይዘጋል። የሚያዳምጣትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የይሖዋ ምሥክሮች መስላዋለች። (እዚህ ‹ጆቫ› የምንላቸው ማለት ነው።) ‹‹እነሱ አይደለንም›› ብላ ሳትጨርስ ደግሞ ይዘጋል። በክረምት፣ በጉም፣ እጇ ደንዝዞ። በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ አስተምራ ለጥምቀት ያደረሰቻቸው ሰዎች ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኋት። ‹‹አንድ›› አለች። ከፔሩ መጥታ የጣሊያን አሮጊት የምትጦር ሴት።

‹‹አንድ ሰው በ9,000 ዶላር!›› አልኳት።

‹‹አንቺስ ለዚያ አንድ ቃለ መጠይቅ ስንት ጊዜ ደወልሽ?›› አለችኝ።

አንድ የመንግሥት ኃላፊን ለሁለት ደቂቃ ለማናገር ሁለት ወር ሙሉ ‹‹ነገ ደውይ›› ስባል መክረሜን ነግሬያት ነበር። በመጨረሻም ኃላፊው የሰጡኝ መልስ ‹‹አስተያየት የለኝም›› ነው። ዝም አልኩ።

ሌላው ሥራቸው ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት መስጠት ነው፤ እዚያ ብዙ ሰው የሚያውቃቸውም በእሱ ነው። እሷ ግን ከሁሉ የምትወደው ፖርታ ቬኔዚያን ነበር። ሚላኖን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው የሰፈሩበት ነው። እንጀራ ይሸታል። አንድ ቀን እዚያ ከጓደኛዋ ጋር ስትሄድ አንድ ወጣት ታርጋዋን አንብቦ ከኋላ ጠራት። በሊቢያ አቋርጦ፣ በጀልባ ላምፔዱዛ የደረሰ ልጅ ነው። ‹‹ይሄ እኮ የሀበሻ ስም ነው። ሶሬላ ማለት ምንድን ነው፣ መነኩሴ ነሽ እንዴ?›› አላት። ‹‹ለአንድ ዓመት ተኩል›› አለችው። ልጁ ስብከት አልፈለገም። የፈለገው የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱን የሚያነብለትና ፖሊስ ጣቢያ አብሮት ሰልፍ የሚቆም ሰው ነው። ሁለቱም ልጆች ሄደው እስከ ከሰዓት ድረስ አብረውት ቆሙ። ማታ ቤት ስትገባ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ አንድም ቃል እንዳልነገረችው፣ ካርድ እንኳን እንዳልሰጠችው ትዝ አላት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች ራሷም አላወቀችም። ሥራዬን አልሠራሁም ብላ ነው? ወይስ ያን ቀን ነው ሥራዋን የሠራችው?

ይህን የጻፈችልኝ በደብዳቤ ነው። ጥፋቴም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ያን ጊዜ አዲስ ተመራቂ ነበርኩ። አዲስ ተመራቂ ጋዜጠኛ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የሚያየው ሰው ሁሉ ‹ታሪክ› ነው። ደብዳቤዋን አንብቤ ከማዘኔ በፊት ‹ምን የመሰለ ጽሑፍ ነው!› አልኩ። የደረጃውን ለቅሶ ቆርጬ አወጣሁና፣ ከላዩ አንድ የሚያስቅ ርዕስ ጫንኩበትና ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ስሟን አልጠቀስኩም፤ ጨዋ ነኝ አይደል? በአንድ ሌሊት ሰው ተንጫጫበት። ‹‹ማተቧን በዶላር ሸጣ አሁን ምን ያስለቅሳታል?›› የሚለው አስተያየት ብቻውን ሁለት መቶ ምናምን ‹ላይክ› ነበረው። እኔም ቁጥሩን እያየሁ ደስ ብሎኝ አደርኩ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት።

የረሳሁት ነገር ቢኖር ሚስዮናውያኑም ሰው ለማግኘት ፌስቡክ እንደሚጠቀሙ ነው። አይታዋለች።

የሚቀጥለው ሰኞ ደወለች። ከእማማ ጋር እንደወትሮዋ አወራች። ከዚያ ‹‹ስልኩን ወደ ጓዳ ይዘሽው ሂጂ›› አለችኝ። ሄድኩ። ‹‹ጽሑፉ ጥሩ ነው›› አለችኝ፤ ‹‹ግን እሱን የጻፍኩት ላንቺ ነበር።›› ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሰኞ የደወለችው በጎረቤታችን ስልክ ነው። እማማ እዚያ ሄዳ ታናግራታለች፤ እኔ ቤት ቁጭ እላለሁ።

እማማ ነገሩን ስትሰማ፣ ልጅቷን ትወቅስልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ከሁላችንም በላይ የተቀየመቻት እሷ አይደለችም እንዴ? እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ‹‹እኔ ላኮርፋት እችላለሁ፤ ልጄ ናት። አንቺ ግን የሰው ጸሎት ላይ አይሳቅም፤ የማታምኚበት ቢሆንም አይሳቅም። የት ነው ያደግሽው?›› አለችኝ። ያደግሁት እሷው ቤት ነው። ጽሑፉን አጠፋሁት። ለልጅቷም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ። እርግጥ ጽሑፍ ሲጠፋ ያነበበው ሰው አብሮ አይጠፋም።

ከታረቅን በኋላ ትልቁን ጥያቄ ጠየቅኋት። ለሥራ ሳይሆን ለራሴ። እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 1978 ድረስ የእሷ ቤተ ክርስቲያን ለጥቁር ወንዶች ክህነት አይሰጥም ነበር። ጥቁሮች፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ በቤተ መቅደሳቸው የሚፈጸሙትን ዋና ዋና ሥርዓቶች መፈጸም አይችሉም ነበር። እገዳው የተነሳው ስፔንሰር ኪምቦል በሚባሉት ፕሬዚዳንት ዘመን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ ለእገዳው ይሰጡ የነበሩ ትምህርቶችን እንደማይቀበል በይፋ የጻፈው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ‹‹አንቺ ጥቁር ሴት፣ የአድዋ ልጅ፣ እንዴት አድርገሽ ነው ይህን ታርጋ ደረትሽ ላይ የምትለጥፊው?›› አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ‹‹ከመጠመቄ በፊት አንብቤዋለሁ። ማንም አልደበቀኝም፣ ማንም ደግሞ አላቀለለልኝም። አንዳንድ ቀን ታርጋው ይከብደኛል። በተለይ ፖርታ ቬኔዚያ። ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸልዬ የሰማኝ አለ ያልኩት እዚህ ነው። ቤቱን ከነጉድፉ አውቄ ነው የገባሁት። አንቺስ የራስሽን ቤት ታሪኩን አውቀሽ ነው የምትወጂው፣ ወይስ ስለተወለድሽበት ብቻ?››

መልሷ አላሳመነኝም። እውነቱን እነግራችኋለሁ፣ ዛሬም አላሳመነኝም። የሰው ደጅ እየደወሉ ሃይማኖትህን ለውጥ ማለትም አይዋጥልኝም። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቀረ። ስንቶቻችን ነን ጾሙን ከፍስክ ምግብ መከልከል ብቻ ያደረግነው? እኔ በዐቢይ ጾም ሽሮዬን እየበላሁ ሰው አማለሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ለጸሎት ተነስቼ አላውቅም፤ የምነሳው ታክሲ ሰልፍ እንዳይረዝምብኝ ነው።

ስለ ጾም ካነሳን እማማን ያሳቀቻት አንድ ነገር አለ። ሞርሞኖች በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ሁለት ማዕድ ትተው፣ ውኃም ሳይቀምሱ ይጾማሉ፤ የምግቡን ዋጋ ለድሆች ይሰጣሉ። ይህን ስነግራት ‹‹በወር አንድ ቀን? እሱማ ምሳ መዘግየት እንጂ ጾም ነው?›› አለች። ዓመቱን ግማሽ ያህል የምትጾም ሴት ብትል ያምርባታል።

ይህን ጾም ሳነብ ግን አንድ ቀን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1985። ያን እሑድ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አባላት ለአፍሪካ፣ በተለይም ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ጾመው ነበር። ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡም እንደ ቀይ መስቀልና እንደ ካቶሊክ የተራድኦ ድርጅት ባሉ ተቋማት በኩል ለእርዳታ ዋለ። የማይክል በርክን የኮረም ዘገባ ትምህርት ቤት ሳለን አይተነዋል፤ በቢቢሲ የተላለፈው ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ነው።

በእኛ አቆጣጠር መለስኩት። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.። ለእማማ ነገርኳት።

‹‹ለአስተርዮ ማርያም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው›› አለች ወዲያው። ከዚያ ቡናዋን አስቀመጠችው። ‹‹እኛ ኮረም ነበርን። አባቷን (አጎቴን ማለቷ ነው) በጀርባዬ አዝዬ፣ ታናሿን ታቅፌ። ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እንደ ሦስት ዓመት ልጅ ነው የሚከብደው። ታናሿን በአስተርዮ ማግስት ቀበርኳት።››

አጎቴ እህት እንደነበረችው ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ ቤት ኖሬ፣ ጋዜጠኛ ነኝ እያልኩ።

‹‹ስንዴ ሲመጣ ከማን እንደሆነ አልጠየቅንም›› አለች እማማ። ‹‹ቄሱም አልጠየቁም። አማትበው በሉ።››

እዚህ ላይ ላጋንን አልፈልግም። የእነዚያ ሰዎች ብር የትኛው ጆንያ ውስጥ እንደገባ ማወቅ አይቻልም። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ነበር የሚያዋጣው። እማማም ‹አሃ፣ እንግዲያው ሃይማኖታቸው ልክ ነው› አላለችም፤ እኔም አላልኩም። ሰው ስላበላ ሃይማኖቱ ትክክል አይሆንም፤ እንዲያ ከሆነማ ስንዴው የስንቱን ያደርገን ነበር። ግን በሚቀጥለው ሰኞ ልጅቷ ስትደውል እማማ አንገቷን አላየችም። ፊቷን አይታ ‹‹በልተሻል?›› አለቻት። ልጅቷ ‹‹በልቻለሁ›› ብላ ካሜራውን ወደ ጣሪያው አዞረችው። ለምን እንዳዞረችው ሁላችንም ገብቶናል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ ያለ ቡና የሀበሻ ታሪክ ስለማያልቅ። ሞርሞኖች ቡናና ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ አይነኩም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1833 ጆሴፍ ስሚዝ ተገለጠልኝ ያለው የጤና ሕግ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የቡና አገር ልጅ፣ ኤስፕሬሶ እንደ ውኃ በሚጠጣበት አገር፣ አሥራ ስምንት ወር ‹አልጠጣም› ስትል። ጣሊያን ቤቱ ገብቶ ቡናውን እምቢ ያለውን ሰው በደንብ ያዝናል። እዚያ ያሉት ምእመናን መላ አላቸው፤ ‹ኦርዞ› የሚባል የገብስ ቡና ይጠጣሉ። ይህን ስሰማ ‹‹ይሄ እኮ የእኛም ቤት ነገር ነው፤ ቡና ሲወደድ ገብስ ቆልቶ መቀላቀል!›› አልኳት።

እማማን ከሁሉ በላይ ያስቆጣት ይሄው ነው። ጥምቀቱን ስትችል ቡናው ላይ ‹‹ኧረ ወዲያ!›› አለች። እኔም ጥብቅና ቆምኩ፤ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ በእኛም አገር ቤተ ክህነት ቡናን ታወግዝ እንደነበር፣ ክርስቲያን አይጠጣም ይባል እንደነበር፣ ንጉሡም ጠጡት አቡነ ማቴዎስም ውግዘቱ እንዲላላ ረዱ መባሉን ነገርኳት። ‹‹ተይው፣ ያን ጊዜ ስላልቀመሱት ነው›› አለችኝ።

ልጅቷ አገልግሎቷን ጨርሳ፣ በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ ማግስት አዲስ አበባ መጣች። ታርጋው የለም። አንገቷም ባዶ ነው፤ ሹራብ አልለበሰችም። እማማ አየች። ምንም አላለችም። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ ከመጽሐፎቿ መሐል የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣችና ፈታችው። ማተቧ ነው። ‹‹አልበጠስኩትም እማማ፤ ፈታሁት እንጂ›› አለች። እማማ ተቀብላ በመዳፏ ያዘችው። ይዛው ቆየች። ከዚያ መልሳ ሰጠቻት። ‹‹አንቺው ጋ ይቀመጥ›› አለች።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተባለ። እኔ ልነሳ ስል ልጅቷ ቀደመችኝ። ቄጠማውን ጎዘጎዘች፣ ቡናውን አጠበች፣ ቆላች፣ ጭሱን በየተራ አዞረችልን፣ ወቀጠች፣ ጀበናውን ጣደች። ሰባት ዓመት አሜሪካና ጣሊያን ኖራ እጇ አንድ ነገር አልረሳም። አንድም ጠብታ ሳይፈስ ቀዳች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጎረቤቶቹ መረቁ። እሷ አንዲት ስኒ አልቀመሰችም።

ረከቦቱ ላይ ግን በእያንዳንዱ ዙር አንዲት ስኒ ትተርፍ ነበር። ልጅቷ ለእማማ ስትሰጥ፣ እማማ የራሷን ጠጥታ ትጨርስና እጇን ዘርግታ ያችን ትርፍ ስኒ ታነሳለች። በአቦልም፣ በቶናም፣ በበረካም። አንዷ ጎረቤት ‹‹እትዬ፣ ልብሽን እንዳያመው! ስድስት ስኒ?›› አለቻት።

‹‹ሦስቱ የእኔ አይደለም›› አለች እማማ። ‹‹የልጄን ድርሻ ነው የምጠጣላት።››

ያን ሌሊት እማማ እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በስድስት ስኒ ማን ይተኛል? እኛም በድሮው አልጋ ላይ እሷ በግድግዳው፣ እኔ በጫፉ ተኝተን ስታጉተመትም ሰማናት። የዘወትር ጸሎቷን ነው የምትደግመው። ልጅቷ ከጎኔ ተነስታ ጨለማው ውስጥ ተንበረከከች። ለማን እንደምትጸልይ አልጠየቅኋትም። ሁለቱም ጸሎት አንድ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርኩ ዝም ያልኩት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ልጅቷ ቀሰቀሰችኝ። ተነሳሁ። ጸለይሽ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እሱ የእኔ ደብዳቤ ነው።

ቸር ይግጠመን።